አያቴ የሚንቀው ቀስት

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ እናቴ ቀስቷን ከግድግዳ አውርዳ በብርድ ልብስ ጠቀለለችና አልጋ ሥር ከተተችው።

«ለምን?» አልኳት።

«ትከሻዬን አሞኝ።»

አመንኳት። ከዚያ በፊት ስምንት ቀን ኮሎምበስ ከተማ፣ አክስቷ ዘንድ ሰንብታ ነበር። ስትመለስ ግራ እጇን ከጎኗ አጣብቃ ነው ከመኪና የወረደችው። እንግዲህ አክስቷ ቤት ደረጃ አዳልጧት ይሆናል አልኩና የቀረውን ታሪክ ራሴ ጨረስኩት።

እናቴ ሮንዳ በትምህርት ቤታችን ምግብ ቤት ነበር የምትሠራው። የአደን ወራት ሲመጣ ግን ኮረብታው የእሷ ነው። በአሥራ አንድ ዓመቷ የመጀመሪያ አጋዘኗን ከጣለች ወዲህ፣ አደን የሚከፈትበትን ዕለት ከአባቷ ጋር ጫካ ሳትውል የቀረችበት ዓመት የለም። እኔን በሆዷ ይዛም ወጥታለች። ቀስቷን የሠራላት ያው አባቷ፣ አያቴ ዴልበርት ነው። እሾኻማውን ቢጫ እንጨት ራሱ ይቆርጣል፣ አራት ዓመት ያደርቃል፣ ከዚያ በቢላ እየላገ፣ እያጎበጠ፣ እየሰደበ ቀስት ያደርገዋል። በእኛ አውራጃ የዴልበርት ሃፍማን ቀስት ያለው ሰው ዕቃውን ለእንግዳ አያስነካም።

ይህ ሰው በዓለም ላይ የሚንቀው አንድ ነገር ቢኖር ባለምላጭ ቀስት ነው፤ ያ በጠመንጃ ሰደፍ ላይ አግድም የተጋደመ፣ አንዴ ከወጠሩት ሰው ሳይዘው ተወጥሮ የሚቆይ፣ ምላጩ ሲሳብ የሚወረውር ቀስት። «ጠመንጃ ልሁን ብሎ ያልሆነለት፣ ቀስት ልሁን ብሎ ያፈረ» ይለዋል። ጎረቤታችን አንድ የገዛ ጊዜ አያቴ ዓመት ሙሉ ሰላምታውን በአገጩ ብቻ ነበር የሚመልስለት። እኔም የአያቴ ወገን ነበርኩ። አያቴ የናቀውን ሁሉ እንቃለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ባቄላ እፈለፍላለሁ። እናቴና አያቴ ወጥ ቤት ናቸው። በሩ የወንፊት በር ነው፤ ድምፅ አያስቀርም።

«አባዬ፣ ዘንድሮም አልቀርም» ትላለች እናቴ። «ባለምላጭ ገዝቼም ቢሆን እወጣለሁ።»

አያቴ ዝም አለ።

«እሺ ስደበኝ እንጂ። ምን ዝም ትላለህ?»

«ምን ብዬ ልስደብሽ?»

«ይህ የመጨረሻዬ ሊሆን ይችላል።»

«እንዲህ አትበይ!» ብሎ ጮኸ። ወንበር ተንቋቋ። እጄ ላይ የነበረው ባቄላ ሁሉ መሬት ፈሰሰ።

እናቴ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጅቷ ፊት አንዲት ቃል እንዳትወጣህ። እንዳትፈራ። ማልልኝ።»

«ማልኩልሽ።»

እኔ የገባኝ ይህ ነው፦ እናቴ ሰንፋለች፣ ባለምላጭ ልትገዛ ነው፣ ከዚያ በኋላም አደን ልታቆም ነው። አያቴ በጣም አፍሮባታል። ነውሩ እኔ ጆሮ እንዳይገባ ደግሞ ተማምለው ሸሸጉኝ። የፈሰሰውን ባቄላ እየለቀምኩ በእናቴ አፈርኩባት።

ዛሬ ያ ጭውውት ምን እንደነበር አውቃለሁ። ኮሎምበስ የሄደችው ሆስፒታል ነው። የግራ ጡቷንና ከብብቷ ሥር ያለውን ዕጢ ቆርጠው አውጥተውላት ነበር። ጥቅምት ላይ የካንሰሩ የመርፌ ሕክምና ሊጀመር ቀጠሮ ተይዟል። አባቴ የረጅም መንገድ ከባድ መኪና ነጂ ስለነበር ቤት የሚገኘው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው፤ የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍነው ያ ሥራ ስለሆነ ሊተወው አልቻለም። ስለዚህ አጠገባችን የነበረው ወንድ አያቴ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አያቴ ወደ ዱዌን ሱቅ ይዞኝ ሄደ። እናቴ ተኝታ ቀረች። የዱዌን ሱቅ እኩሌታው ለዓሣ አጥማጅ፣ እኩሌታው ለአዳኝ ነው። ስትገባ እርጥብ አፈርና የላስቲክ ቦቲ ይሸትሃል። ዱዌን ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር።

«ጋሽ ዴልበርት! ምን እግር ጣለዎት?»

«ባለምላጭ አሳየኝ።»

ዱዌን መጀመሪያ እኔን አየ፣ ከዚያ ጣሪያውን አየ። «ሰማዩ ሊወርድ ነው እንዴ? ልውጣ?»

«አትለፍልፍ። አውርድ።»

አያቴ ሊያዋርዳቸው እንደመጣ ገባኝ። ሳቄን አፍኜ ዳር ቆምኩ። የመጀመሪያውን በቀኝ እጁ ብቻ አንስቶ ወደፊት ዘረጋው። «አፍንጫው ይከብዳል። መልስ።» ሁለተኛውን ገለባብጦ አየና «ይኼ በገመድ ነው የሚወጠረው? ሁለት እጅ ይፈልጋል። መልስ» አለ። ሦስተኛውን ወደ ጆሮው አስጠግቶ መቆለፊያውን በአውራ ጣቱ ገፋ። ቀጭ አለ። «አጋዘኑ ቀርቶ እኔ ደንቆሮው ሰማሁት!»

«ጋሼ፣ ይኼኛው ግን በፍጥነት የሚተካከለው የለም፤ ፍላጻው እንደ—»

«ፍጥነቱን ማን ጠየቀህ? የሚያስፈልገኝ ዛሬ የመታውን ቦታ ነገም የሚመታ ነው። መኪና ኋላ ሲንገጫገጭ ውሎ፣ ዝናብ መትቶት፣ ጠዋት ሲያነሱት ያው የሆነ። እንደዚያ ያለ አለህ ወይስ የለህም?»

ዱዌን ቀልዱን ተወ። በመዘውር የሚወጠር አንድ አመጣ፤ ሰደፉ ላይ ያለውን መዘውር በአንድ እጅ ሲያዞሩት አውታሩ ቀስ እያለ ወደኋላ ይሳባል።

«መሐል ላይ ብትለቀውስ?» አለ አያቴ።

«ማን ይለቀዋል?»

«ጉልበቷ ያለቀባት።»

እኔ «ጉልበቷ» ያለው ቀስቷን መስሎኝ ነበር። አያቴ ዕቃን ሁሉ በሴት ነው የሚጠራው፤ መኪናውንም፣ መጋዙንም። ዱዌን ግን ወደ እኔ አንዴ ገልመጥ አደረገና አቀረቀረ።

አያቴ መዘውሩን እስከ እኩሌታው አዞረና ሆን ብሎ ለቀቀው። እጀታው እንደ እብድ ወደኋላ ተሽከረከረ፤ አውራ ጣቱን ደብድቦት አለፈ። ዱዌን «ኧረ በስመአብ!» ብሎ ዘለለ። የአያቴ ጥፍር ሥር ወዲያው ጠቆረ፣ ደም ጠብ ጠብ አለ። እሱ ግን ጣቱን እያየ፣ እንደረካ ሰው «ይኸው» አለ። «ይኼኔ እሷ ብትሆንስ?»

እኔ በኩራት ተሞላሁ። አያቴ ባለምላጭ ሁሉ ከንቱ መሆኑን በገዛ ደሙ አስመሰከረ!

ዱዌን ጣቱን በጨርቅ ሲጠቀልልለት ቆየና ወደ ጓዳ ገባ። ያወጣው ያገለገለ፣ ቀለሙ የተፋፋቀ፣ ሰደፉ ላይ የሌላ ሰው ስም የተቀረጸበት ነበር። «ላሳይዎት አፍሬ ነው እንጂ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይኼ የሟች ወንድሜ ነው። መዘውሩን የትም ላይ ይልቀቁት፣ እዚያው ነው የሚቆመው።»

አያቴ እኩሌታው ላይ ለቀቀው። ቆመ። ሩቡ ላይ ለቀቀው። ቆመ። አሥር ጊዜ ያህል ለቀቀው። ከዚያ ለሙከራ ብሎ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወሰደው። እኔ ቤቱ ወስዶ እንከኑን እስኪያገኝ አያርፍም ብዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት አያቴ የዕቃ ቤቱን በር ዘግቶ መዋል ጀመረ። ቤቱ ከእኛ ቤት ኮረብታውን ተሻግሮ ነው፤ በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ሄድኩና በሳንቃው ክፍተት አጮለቅሁ።

አያቴ ግራ እጁን በቀበቶ ከጎኑ ጋር ጠፍሮ አስሯል። ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጦ የቀስቱን አፍንጫ በእግሩ ረግጦ፣ ሰደፉን በጉልበቶቹ ቆንጥጦ፣ በአንድ እጁ መዘውሩን ያዞራል። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ያቃስታል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ያዞራል። ሲጨርስ በአንድ እጁ እየተንቀጠቀጠ አንስቶ መንታ እንጨት ላይ ሊያሳርፈው ሲሞክር ከበርጩማው ተንሸራትቶ በመቀመጫው ቁጭ አለ። «የት አባቷ!» አለ ለበርጩማዋ።

አፌን በሁለት እጄ ይዤ ከዚያ ሮጥኩ። ጫካው መሐል ስደርስ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። አያቴ እናቴን ያስመስላል! እጇን እንዴት እንደምታጣብቅ፣ እንዴት እንደምታቃስት፣ ለብቻው እየቀለደባት ነው። ቀልዱ በጣም ጣመኝ። ለብቻዬ ልይዘው አልቻልኩም።

እሁድ አያቴ እንደ ልማዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለምሳ መጣ። የበሬ ጥብስ፣ ድንች፣ የበቆሎ ዳቦ ነበር። እናቴ ድስቱን በቀኝ እጇ ብቻ ይዛ መጣች። ገበታው ዝም ብሏል፣ ሁለቱም አይጫወቱም። ላስቃቸው አልኩ።

የአባቴን ቀበቶ ከመስቀያው አንስቼ ግራ እጄን ከጎኔ ጋር አሰርኩ። በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና መዘውር የማዞር መሰልኩ። አቃሰትኩ፣ ጉንጬን ነፋሁ፣ ዓይኔን አጉረጠረጥኩ። መጨረሻ ላይ ወለሉ ላይ ዘጭ ብዬ «የት አባቷ!» አልኩ።

ማንም አልሳቀም።

እናቴ ፊቷ እንደ ሊጥ ነጣ። «ይኼን ማን ሲያደርግ አየሽ?»

«አያቴ። ዕቃ ቤት ውስጥ። አንቺን ሲያስመስል።»

እናቴ ወደ አባቷ ዞረች። «እውነት ነው?»

አያቴ እኔን አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ መሐረቡን አጣጥፎ ሳህኑ ጎን አኖረ።

«እውነት ነው» አለ።

«ውጣልኝ» አለች እናቴ።

ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። መኪናው ኮረብታውን ሲወጣ ድምፁ እስኪጠፋ ሰማነው። እናቴ ምግቡን በሙሉ ወደ ድስቱ መለሰችው። እኔ ወለሉ ላይ ቀበቶውን እንደታጠቅሁ ቀረሁ። የተጣሉት በባለምላጩ ቀስት ሰበብ ነው አልኩ፤ የእኔ ጥፋት ቢሆን ኖሮ እኔን ነበር የምትቆጣው።

ሁለት ሳምንት ተዘጋጉ። ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ ያለ አባቷ ውላ የማታውቀው የአደን መክፈቻ ሊደርስ አምስት ቀን ቀረው። እናቴ ስለ አደን አንስታ አታውቅም። ከሥራ ትመጣና ሶፋው ላይ ጋደም ትላለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኔ የማልሰማ መስሏት፣ ለአባቴ በስልክ «ሌላው ሁሉ ያስመስለኝ፤ እሱ?» ስትል ሰማሁ።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስንመለስ በረንዳችን ላይ የእንጨት ሣጥን ተቀምጧል። እናቴ አየችውና አልፋው ገባች። ረቡዕም አለፈችው። ሐሙስ ዝናብ ሊመጣ ሲያጉረመርም ወጥታ፣ በአንድ እጇ እየጎተተች፣ ወደ ጓሮ ወሰደችው። እኔ በወጥ ቤቱ መስኮት አየኋት።

የዱዌን ወንድም ቀስት ነበር፤ ግን ያው አልነበረም። የመዘውሩ እጀታ ረዝሟል፣ ቆዳም ለብሷል። ሰደፉ አጥሯል፤ የተቆረጠበት ቦታ ገና ነጭ ነው። ለመርገጫ የሚሆነው ብረት በቆዳ ተሸፍኗል። ከሣጥኑ ሥር ሌላም ነገር ወጣ፦ ከጫፉ መንታ የሆነ፣ በደንብ የተላገ ዱላና አንዲት ዝቅ ያለች በርጩማ። እናቴ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ሰደፉን በጉልበቶቿ ያዘች። በቀኝ እጇ መዘውሩን ጨበጠችና ማዞር ጀመረች። እኩሌታው ላይ ሲደርስ እጇ ዛለ፤ ለቀቀችው።

መዘውሩ ቆመ።

እንደገና ጨብጣ ጨረሰች። ቀስቱን ብድግ አድርጋ ፊት ለፊቷ በተከለችው መንታ ዱላ ላይ አሳረፈችው፤ ልክ ለዓይኗ ቁመት ነበር። አንዲት ጣት ከፍ አላለም፣ አንዲት ጣት ዝቅ አላለም። ግራ እጇ አንድም ጊዜ ከጎኗ አልተነሳም። ፍላጻ አግብታ ጓሮ ያለውን የጭድ ክምር መታች። ከዚያ ግንባሯን ሰደፉ ላይ ደፍታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ተሰብሮባት ነው ብዬ ሮጬ ወጣሁ። «እማዬ፣ ተበላሸ? አያቴ አበላሽቶት ነው?»

«መኪና ውስጥ ግቢ» አለችኝ፣ ፊቷን በእጅጌዋ እየጠረገች።

አያቴ ቤት ስንደርስ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ መኪናችንን ከሩቅ ሰምቷል። እናቴ ሰላም አላለችውም። በቀጥታ ሄዳ ቀኝ እጁን ያዘችና ገልብጣ አየችው። የአውራ ጣቱ ጥፍር ወልቋል። መዳፉ ውኃ ቋጥሮ፣ ፈርጦ፣ ደርቋል። ተቆጥታ ንጽሕናውን የምትመረምር መሰለኝ።

«ስንት ጊዜ ሞከርከው?» አለች።

«እስኪበቃኝ።»

«ስንት ነው እስኪበቃህ?»

«እኔ እንጃ። በርጩማዋ ሦስት ጊዜ ተቆረጠች።»

«ለምን አልነገርከኝም፣ አባዬ? ገበታ ላይ ለምን አልነገርከኝም?»

አያቴ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። እናቴ ደረቱ ላይ ወደቀች። እኔ ምን እንደተፈጠረ አልገባኝም፤ መታረቃቸው ግን ገብቶኛል። ስለዚህ ወደ ውስጥ ገብቼ የአያቴን ብስኩት በላሁ።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ሦስታችንም ጫካ ነበርን። አያቴ በወደቀ ዝግባና በቅጠል በሠራው ዳስ ውስጥ ገባን። ነጭ የባሉጥ ዛፍ ፍሬውን የሚያራግፍበት ወቅት ነው፤ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ብርዱ አፍንጫ ይቆነጥጣል። አያቴ የራሱን ቀስት አላመጣም፤ እጁን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ።

እናቴ መዘውሩን ማዞር ጀመረች። በዚያ ብርድ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። አዞረች፣ አዞረች፣ ቆመች። ዓይኗን ጨፍና አየር ሳበች።

«አያቴ፣ አግዛት!» አልኩ በሹክሹክታ።

እሱ ወደሷ እንኳን አላየም። ጉልበቶቹን በጣም አጥብቆ ይዟቸው ስለነበር የጣቶቹ አንጓ ነጥቶ ነበር። ጨካኝ ሰው ነው አልኩ በልቤ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አያቴን ጠላሁት። ያ እጅ ጉልበቱን የያዘው እንዳያመልጠው እንደሆነ ዛሬ እረዳለሁ። ለእናቴ ያመጣላት ብቻዋን የምትችለው ቀስት ነው፤ ያን ጠዋት አንድ ጣቱን ቢያስገባ ኖሮ ያ ሁሉ ድካሙ ከንቱ ነበር።

እናቴ ዓይኗን ገለጠች፣ መዘውሩን ጨበጠች፣ ጨረሰች።

ፀሐይ ቅርንጫፎቹ መሐል ስትገባ ሁለት እንስት አጋዘኖች መጡ። ትልቋ ፍሬውን እየቆረጠመች፣ አንዴ ቀና አንዴ ጎንበስ እያለች፣ ሃያ እርምጃ ድረስ ቀረበች። የመቆለፊያውን ድምፅ አጠገቧ ሆኜ እንኳን አልሰማሁም። አውታሩ ጥፍ አለ። አጋዘኗ ዘለለች፣ ሮጠች፣ ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ሰማን፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

«ሮንዳ» አለ አያቴ፣ ድምፁ ሻክሮ።

«አቤት።»

«የት መታሻት?»

«ያልኩበት ቦታ።»

አያቴ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። ላቡን የሚጠርግ ነበር የመሰለኝ።

ያን የብርድ ወራት የዚያችን አጋዘን ሥጋ በላን። እናቴ ፀጉሯን ስትላጭ የምግብ ቤቱ ደንብ ነው አለችኝ፤ ይህንንም አመንኳት። በሚቀጥለው ዓመት ፀጉሯ ተመለሰ። ባለፈው ወር ስድሳ ዓመቷን አከበርንላት። የእጅ ቀስት ግን ዳግመኛ አልሳበችም።

እውነቱን የነገረችኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሐኪም የቤተሰብ በሽታ የሚጠይቅ ወረቀት ሰጥቶኝ ስሞላ፣ አጠገቤ ድንች እየላጠች «ካንሰር የሚለው ጋ አዎ በዪ» አለችኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ስትጨርስ ቁልፌን አነሳሁና ወደ አያቴ ቤት ነዳሁ። ያኔ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ጓሮው ውስጥ እንጨት ይፈልጣል።

«አያቴ፣ ያን እሁድ ለምን ዝም አልክ?» አልኩት። «ከቤት ያስወጣሁህ እኔ ነኝ።»

«ምን ልበል? አስቂኝ ነበርኩኮ።»

«አትቀልድ እንጂ።»

መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰካው። «እናትሽ ያስማለችኝ አንድ ነገር ነው፤ አንቺ እንዳትፈሪ። ልጅ ደግሞ ተንኮለኛ ነው፣ ሰምተሽ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ያን ቀን ቀበቶ ታጥቀሽ ስትነሺ ፊትሽን አየሁት። ድድሽ ሁሉ እስኪታይ ትስቂ ነበር። እሰይ፣ ይህች ልጅ ምንም አታውቅም አልኩ። በዚያ ቀን ቤቴ የገባሁት ተባርሬም ደስ ብሎኝ ነው።»

«በይ ክንድሽን ዘርጊ» አለና ፍልጡን በላዩ ላይ ይከምርልኝ ጀመር፣ ፊቴ እስኪሸፈን ድረስ።